ልምድም እንደ እንጀራ ይሻግታል

ባለፈው ቅዳሜ ሚልፒታስ ውስጥ ግሬት ሞል ከሚባለው የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ ከአንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተገናኘን። አገር ቤት ሳለን ወሎ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አብረን አስተምረናል፤ እሱ አውቶ መካኒክ፣ እኔ ኤሌክትሮኒክስ። ጠዋት ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ቱታውን ለብሶ ጋራዥ ይሠራል። እጁ ወርቅ ነበር። አሜሪካ ከገባ አሁን ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሌሊት ጥበቃ ይሠራል፤ ቀን ትንሽ ጋደም ብሎ ሲነሳ ኡበር ይነዳል።

"እዚህ አካባቢ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ጠይቀህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ እኔ እኮ እዚህ አገር አስተማሪ አይደለሁም። እሱ አበቃ። የዚያ አገር ወረቀት እዚህ ምን ይሠራል?"

ይህን መልስ ከስንት ሰው እንደሰማሁት! ሳን ሆዜ፣ ሳንታ ክላራ፣ ኦክላንድ፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ያው አንድ ዓይነት መልስ ነው። መሐንዲሱ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ነርሷ፣ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህሩ ሁሉም "እሱ አበቃ" ይላል። ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ሙያ ይዘን ለመጣን ሰዎች እዚህ አገር ጎልማሶችን የማስተማር በር አልተዘጋም። በሩ ላይ ግን ሰዓት ተሰቅሏል። ብዙዎቻችን የምንቀረው ወረቀታችን ዋጋ ስለሌለው ሳይሆን ዋጋ ያለው ልምዳችን እጃችን ላይ እያረጀ ስለሆነ ነው።

የቆምንበት ቦታ ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። ግሬት ሞል እ.ኤ.አ. በ1994 ገበያ ሆኖ ከመከፈቱ በፊት የፎርድ መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ነበር። በ1955 ሥራ ጀምሮ፣ ሙስታንግን ጨምሮ ስንትና ስንት መኪና ሲያወጣ ኖሮ፣ በ1983 ተዘጋ። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ እንጀራው ተቋረጠ። ነገር ግን ፎርድና ዩኤደብሊው የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር አንድ ዓመት ቀደም ብለው ሠራተኛን መልሶ ስለማሠልጠን ተስማምተው ስለነበር ሰዉ ዝም ብሎ አልተበተነም። እዚያው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ክፍል ተከፈተለት። ከማንበብና ከመሠረታዊ ሒሳብ ጀምሮ እስከ አዲስ ሙያ ድረስ ተማረ።

እስቲ አስቡት። 20 ዓመት ቡሎን ሲያጠብቅ የኖረ፣ ልጆች ያሳደገ፣ የቤት ዕዳ ያለበት ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ክፍልፋይ ሒሳብ ይማራል። ፊቱ ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ምን ዓይነት ሰው መሆን አለበት? ሒሳብ ማወቅ ብቻ አይበቃውም። ያ ሠራተኛ ምን እንዳጣ፣ ምን እንደሚያሳፍረው፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚደክመው ማወቅ አለበት። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

እኛ ግን ጎልማሳን ማስተማር እንደ ዘመቻ እንጂ እንደ ሙያ አልለመድነውም። እናቴ ስሟን መጻፍ የቻለችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማራት ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ያ ዘመቻ በማግስቱ ዓመት በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ የሚገባውም ነበር። ግን ዘመቻ ስለነበር ዘማቹ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጎልማሳ ማስተማር ተምሬ በሱ ልኑር፣ ልደግ፣ ጡረታ ልውጣበት ብሎ የተነሳ ብዙ ሰው የለም። በኋላም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲስፋፋ ብዙዎቻችን ወደዚያ የገባነው ሌላ ስላላገኘን ነው። ሐቁን እንነጋገር፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ስለዚህ ባሕር ተሻግረን ስንመጣ "መምህር ነበርኩ" የምንለውን ነገር ራሳችን አቅልለን ነው የምናየው።

ወደ በሮቹ ልመለስ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎልማሳ የሚማርባቸው ዋናዎቹ መንግሥታዊ ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስተዳድረው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነው። ሚልፒታስ የራሷ አላት። እንግሊዝኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ለዜግነት ፈተና መዘጋጃና የሙያ ትምህርት ይሰጣል። ሁለተኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። በክልሉ 116 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። ሳን ሆዜ ሲቲ ኮሌጅ ሚልፒታስ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው፤ ኤቨርግሪን ቫሊ፣ ሚሽን፣ ደ አንዛ፣ ኦሎኒ ሁሉም ቅርብ ናቸው፤ ራቅ ካላችሁ ኦክላንድ ሌኒ አለ።

አሁን ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ታሪክ ወይም ባዮሎጂ ለማስተማር ማስተርስ ይጠየቃል። እንደ አውቶ መካኒክ፣ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ ላሉ የሙያ ዘርፎች ግን ማስተርስ አይጠየቅም። ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪና የ2 ዓመት የሙያ ልምድ፣ ወይም የሁለት ዓመቱ የኮሌጅ ዲግሪና የ6 ዓመት ልምድ ይበቃል። የውጭ አገር ዲግሪ ያለው ሰው ዲግሪውን እውቅና ባለው ድርጅት ያስገመግማል። ወረቀቱ ልክ በልክ ካልገጠመ ደግሞ ተመጣጣኝነቱን አይቶ የሚወስን ኮሚቴ ኮሌጁ ውስጥ አለ፤ ይታይልኝ ብሎ ማመልከት መብት ነው።

የጎልማሶች ትምህርት ቤት ለማስተማር ደግሞ ከክልሉ የመምህራን ፈቃድ ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ለሙያ ትምህርት የሚሰጠው ፈቃድ ዲግሪ እንኳ አይጠይቅም። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም አቻው፣ እንዲሁም በዘርፉ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ካለ የመጀመሪያው ጊዜያዊ ፈቃድ ይወጣል። እሱ 3 ዓመት ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እያስተማሩ የማስተማር ዘዴ ኮርሶችን ጨርሶ ዋናውን መውሰድ ነው።

ሰዓቱ የተሰቀለው እዚህ ጋ ነው። አንድ ዓመት ልምድ ማለት ቢያንስ 1,000 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ከሦስቱ ዓመት ደግሞ ቢያንስ አንዱ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ፣ ወይም ሁለቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። ወዳጄ ጋራዥ ከለቀቀ ሰባት ዓመቱ ነው። ስለዚህ የ5 ዓመቱ አልፎታል። በ10 ዓመቱ ስሌት ግን ገና ሦስት ዓመት ልምድ አለው። ከዓመት በኋላ ሁለት ብቻ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይደወልበታል። እጁ ያው እጅ ነው፣ ጭንቅላቱ ያው ጭንቅላት ነው፤ በሕግ ፊት ግን ልምዱ እንደ ከረመ እንጀራ ሻገተ ማለት ነው። የተዘጋን በር በዲግሪ ከማስከፈት ክፍት በሆነ ሰዓት መግባት ይቀላል።

እኔ እንዴት ገባሁ? በዕቅድ አይደለም፤ በአጋጣሚ ነው። እዚህ እንደመጣሁ ሚልፒታስ አንድ የሰርኪዩት ቦርድ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ በብረት ማጣበቂያ፣ በኋላ ወደ ፍተሻ ክፍል ተዛወርኩ። በጣም ነበር የማፍረው። አገር ቤት "መምህር" እየተባለ የኖረ ሰው ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ ቆሞ ያድራል። ስልክ ሲደወልልኝ "ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ነው የምሠራው" ብዬ አልፈው ነበር። ሦስት ዓመት ሠራሁ። ኋላ ላይ ለማስተማር ፈቃዱ ሳመለክት የተቆጠረልኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ ያፈርኩበት ፋብሪካ ነው። የፈረቃ አለቃዬ ሰዓቱን ቆጥሮ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ እሱ ደብዳቤ በሩን ከፈተ። የአገር ቤቱ ዲግሪ ሥራ ላይ የዋለው በኋላ፣ ለኮሌጅ ሳመለክት ነው።

የመጀመሪያው ምሽት አይረሳኝም። ክፍሉ ውስጥ 18 ሰው አለ። ከቬትናም የመጡ እናት፣ ከፊሊፒንስ የመጡ ወንድማማቾች፣ ከሜክሲኮ የመጣ ቀለም ቀቢ፣ ከሕንድ የመጣ ወጣት። "ቮልቴጅ" አልኩ። ማንም አልገባውም። ደግሜ አልኩ። የቬትናሟ እናት አንገታቸውን ነቀነቁና "ጻፈው" አሉኝ በምልክት። ጻፍኩት። ሁሉም "አሃ!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳ ላይ ሳልጽፍ ቃል አልናገርም። ስለ አነጋገር ዘዬያችን የምንፈራ ሰዎች ይህን ስሙ፦ ሚልፒታስ ውስጥ ማታ የሚማር ሰው አብዛኛው ራሱ ዘዬ ያለው ሰው ነው። እንደውም ቋንቋን በመከራ የተማረ መምህር የት ላይ እንደሚጨልምባቸው ያውቃል።

እስካሁን ያልኩት ጣፋጩን ነው። መራራውን ካልነገርኳችሁ ግን ወዳጅ አልሆንኳችሁም።

ይህ ሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በፓርት ታይም ነው፤ ብዙ ሰውም እዚያው ይቀራል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከሚሰጠው የማስተማር ሰዓት 75 በመቶው በቋሚ የሙሉ ጊዜ መምህራን እንዲሸፈን ግብ አስቀምጣ ነበር። ይኸው ዛሬም ከመምህራኑ ቁጥር ከግማሽ በላይ የሆኑት ፓርት ታይም ናቸው። ሌላም አለ። አንድ የፓርት ታይም መምህር በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ ከሙሉ ጊዜ መምህር ሥራ ከ67 በመቶ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። እስከ 2008 ድረስ ገደቡ 60 በመቶ ነበር። ገደቡ የወጣው መምህሩን ለመጠበቅ፣ ኮሌጁ ቋሚ ሳያደርገው ሙሉ ሥራ እንዳያሠራው ነው ይባላል። በተግባር ግን መምህሩ ኑሮውን ለመሙላት ሁለትና ሦስት ዲስትሪክት ይዞራል። "ፍሪዌይ ላይ የሚበሩ" ይሏቸዋል በእንግሊዝኛ፤ ቢሯቸው መኪናቸው ነው። እኔም ሰኞና ረቡዕ አንድ ቦታ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሌላ ቦታ ነኝ። በ880 መንገድ ላይ ያረምኩት ፈተና ቁጥር የለውም፤ በርግጥ መኪናው ቆሞ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልክ ተደወለልኝ። "የተመዘገበው ተማሪ አልሞላም፤ ክፍሉ ተሰርዟል" አሉኝ። የት ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ የትም የሚደርስ ነገር ነው። የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈልነው በባለቤቴ ደመወዝ ነው። የጤና ኢንሹራንሳችንም በሷ ሥራ በኩል ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር፤ ምናልባት እኔም ጥበቃ ላይ ነበርኩ። ስምንተኛ ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ቋሚ አልሆንኩም። አምና ለአንድ ቋሚ ቦታ እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ደርሼ ቀረሁ። ዘንድሮም አመለክታለሁ።

"ታዲያ ለምን ሰውን ወደዚህ ትጠራለህ?" የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ ይህ ሥራ ያድጋል። ኡበር በስምንተኛው ዓመት ላይ ያው ኡበር ነው። እኔ በስምንተኛው ዓመት የኮርስ ዝግጅት አውቃለሁ፣ የምርጫ ቅድሚያ አለኝ፣ ቋሚ ቦታ ሲከፈት ስሜን የሚያውቅ ኮሚቴ አለ። ሁለተኛ፣ መብት አለው፤ ግን የማያውቀው ሰው አይጠቀምበትም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ የፓርት ታይም መምህራን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ በተማሪ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ የክፍል ተስፋ እንደ አስተማማኝ ሥራ አይቆጠርም ብሏል። ስለዚህ በሁለት ሴሚስተር መካከል ሥራ ሲጠፋ የሥራ አጥ ድጎማ ማመልከት ይቻላል። እኔ ይህን ያወቅሁት በሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ከኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። የፓርት ታይም መምህራንን የጤና ኢንሹራንስ ኮሌጆች እንዲሸፍኑ ለማገዝ ክልሉ በ2022 በጀቱ በየዓመቱ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ የእናንተ ኮሌጅ በፕሮግራሙ ውስጥ ይኑር አይኑር መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪው ያስፈልገናል፤ እኛም እናስፈልገዋለን። የኛ ሰው ማታ ደክሞት ክፍል ሲገባ ፊት ለፊት የሚያየው መምህር አንድ ቀን እንኳ ከኛ ውስጥ የወጣ ቢሆን "ይቻላል ለካ" ይላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ምክሬ ዘልሎ መግባት ሳይሆን አስልቶ መግባት ነው። የቀን ሥራችሁን ዛሬ አትልቀቁ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ማታ ጀምሩ። በተተኪ መምህርነት መጀመር ይቻላል፤ ሰው ታመመ ሲባል የሚጠራ ሰው በኋላ የራሱ ክፍል ይሰጠዋል። ኮሌጆች ለፓርት ታይም ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ ቦታ እስኪወጣ አትጠብቁ። ከሙያችሁም አትራቁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጋራዥ መሥራት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ልምድ እንዳይሻግት ማቆያ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ኢንሹራንስ የሚያመጣ ሌላ ሥራ ከሌለ ደግሞ ይህን ጉዳይ መጀመሪያ አስተካክሉ። ስሜት ልጆች አያሳድግም።

አሁን አንድ ነገር ለማኅበሮቻችንና ለአገር ቤት ኮሌጆች። አገራችን የሚጻፍ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። "ለሚመለከተው ሁሉ፤ አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል፤ ከመሥሪያ ቤታችን ዕዳ የለባቸውም።" ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። እዚህ አገር ዕዳ አለበት የለበትም ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ በምን መሣሪያ ነው። ያለ ሰዓት የተጻፈ ደብዳቤ ያለ ዋጋ የተጻፈ ቼክ ነው። አገር ቤት ያላችሁ የኮሌጅ ሬጅስትራሮችና የሰው ኃይል ክፍሎች፣ የጋራዥና የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ እባካችሁ ሁለት መስመር ጨምሩበት። በጦርነቱ ፋይሉ የጠፋበት ብዙ ሰው አለ፤ ለሱ የምትጽፉት አንድ ገጽ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው። እዚህ ያሉ ማኅበሮቻችን ደግሞ በዓመት አንድ ቅዳሜ ለዚህ ጉዳይ ቢመድቡ፣ ፎርሙን አስቀምጠው ሰዉን ቢያስሞሉ፣ ከአንድ የባህል ምሽት ያላነሰ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ወዳጄን ይህን ሁሉ እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ ማለት ነው?" አለኝ። አፈርኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት ለቅሶና ሠርግ ላይ ተገናኝተናል፤ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

"ጋራዡ አሁንም አለ?" አልኩት።

"አለ። ሰውዬው አርፈዋል፤ ልጃቸው ነው የያዘው። አብረን ነው የሠራነው፤ ያውቀኛል።"

"በል ደውልለት።"

ሰዓቱን አየ። "አሁን እዚያ ሌሊት ነው። ነገ እደውላለሁ።"

"ነገ" የሚለውን ቃል አልወደድኩትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው ደወልኩለት። "ደወልክ ወይ?" አልኩት። ደውሏል። ልጁ ደብዳቤውን ሊጽፍ ቃል ገብቷል፤ ሰዓቱን ግን ረስቶታልና አብረው እየቆጠሩት ነው። ይህን የምታነቡ ባለሙያዎችም ዛሬውኑ ቁጠሩት። የቀራችሁ ጊዜ አንድ ዓመት ይሆናል፣ ስድስት ወርም ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።